ጊታሪክስ በራስፕቤሪ ፓይ 4፦ መንጣጣቱንና መዘግየቱን እንዴት ላጥፋ?

ባለስድስት_ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ፣

ራስፕቤሪ ፓይ 4 (ትንሿ ኮምፒውተር) ላይ ጊታሪክስን (የጊታር አምፕና ኢፌክትን የሚያስመስለውን የሊነክስ ፕሮግራም) የሚያስኬድ፣ መድረክ ላይ እግር ሥር የሚቀመጥ የኢፌክት ሳጥን እየገጣጠምኩ ነው። ያለኝ ዕቃ ይህ ነው፦ ባለ 4 ጊጋ ፓይ 4፣ ባለ 64 ቢት ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ከነዴስክቶፑ፣ ሁለት መግቢያና ሁለት መውጫ ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ፣ ለማብራት ደግሞ የስልክ ቻርጀር። ጃክን (ድምፁን በካርዱና በጊታሪክስ መካከል የሚያመላልሰውን ፕሮግራም) የማስነሣው በ48000 ኸርዝ፣ በ256 ፍሬም (በአንዴ የሚሠራ የናሙና ቁጥር)፣ በ2 ፔሬድ (ተራ የሚጠብቁ የናሙና ጥቅሎች) ነው።

በየጥቂት ሰከንዱ ድምፁ ይንጣጣል፤ የኤክስራን (ድምፁ በሰዓቱ ሳይደርስ የቀረበት ጊዜ) ቁጥሩም አብሮ ይጨምራል። የሚገርመው ግን የፕሮሰሰሩ ጭነት ከ30 በመቶ አያልፍም። ወደ 128 ፍሬም ሳወርደው ይብስበታል፤ 256 ላይ ስተወው ደግሞ ክሩን ከመታሁ በኋላ ድምፁ ወደኋላ እንደሚቀር በደንብ ይታወቃል።

ሌላው ችግር የድምፁ ጥራት ነው። ሁሉንም ኢፌክት አጥፍቼ እንኳ ፌዘር (ድምፁን የሚያወዛውዘው ኢፌክት) የበራ ይመስላል። ከዚያም በላይ ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቶ ደብዘዝ ብሏል። ጊታሩ የገባው ከካርዱ ጀርባ ባለው የላይን መግቢያ ነው።

በመጨረሻም ሳጥኑ ያለ ስክሪንና ያለ ኪቦርድ ተነሥቶ በቀጥታ ለጨዋታ ዝግጁ እንዲሆን፣ ፕሪሴት (አስቀድሞ የተዘጋጀ የድምፅ ቅንብር) በእግር እንዲቀየር፣ ሶኬቱ በድንገት ቢነቀልም ሜሞሪ ካርዱ እንዳይበላሽ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?


ዜሮ_ኤክስራን፦

ሰላም ወንድሜ። ከሶፍትዌሩ በፊት ከኤሌክትሪኩ ጀምር። ፓይ 4 የሚፈልገው 5.1 ቮልትና 3 አምፒር ነው። የስልክ ቻርጀር ጭነት ሲበዛበት ቮልቱ ይወርዳል፤ ገመዱ ቀጭን ከሆነ ደግሞ መንገድ ላይ ተጨማሪ ቮልት ይጠፋል። ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ ፓይው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል፤ በዚያች ቅጽበት ጃክ የተሰጠችው ጊዜ ታልፋለች፣ አንተ ጋ ደግሞ ይንጣጣል። ተርሚናል ላይ «ቪሲጀንሲኤምዲ ጌት_ትሮትልድ» ብለህ ጠይቀው። መልሱ 0ኤክስ0 ከሆነ ሰላም ነው። 0ኤክስ50000 ካለህ ግን ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ የቮልት ማነስም የፍጥነት መቀነስም ደርሶበታል ማለት ነው፤ ያን ሳታስተካክል የጃክን ቁጥር መነካካት ድካም ብቻ ነው። ሙቀትም ተመሳሳይ ውጤት አለው፦ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ትንሿ ሂትሲንክ ብቻዋን አትበቃም፤ ወይ ፋን ጨምር፣ ወይ ፕሮሰሰሩ የሳጥኑን ግድግዳ የሚነካበት የአሉሚኒየም ሳጥን ተጠቀም።

ወደ 30 በመቶው እንምጣ። ፓይ 4 አራት ኮር አለው፤ የጊታሪክስ ሥራ ግን ተራ በተራ የሚሄድ ነው። በመጀመሪያ ሞኖ የሆነው የአምፕ ክፍል ይሠራል፣ ቀጥሎ የስቴሪዮ ኢፌክቱ ክፍል የዚያን ውጤት ይቀበላል። አንዱ ሌላውን ስለሚጠብቅ ሥራው ለአራቱ ኮር አይከፋፈልም። በአራት ኮር ሲሰላ 25 በመቶ ማለት አንዱ ኮር ጢም ብሎ ሞልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያንን ቁጥር ተወውና ጃክ ራሱ የሚያሳየውን የዲኤስፒ ጭነት (ለድምፅ ስሌቱ ከተሰጠው ጊዜ ምን ያህሉ እንደተበላ) ተመልከት፤ «ጃክ_ሲፒዩ_ሎድ» የሚባለው ትእዛዝ ይነግርሃል። እኔ ከ60 በመቶ በላይ እንዲወጣ አልፈቅድም፤ ምክንያቱም አማካዩ 60 ሲሆን አልፎ አልፎ የሚመጣው ጫፍ 100 ይነካል፣ ኤክስራን የሚፈጥረው ደግሞ አማካዩ ሳይሆን ጫፉ ነው።

ከዚህ በኋላ የፕሮሰሰሩ ገቨርነር (ፍጥነቱን የሚወስነው ክፍል) ይመጣል። ሲነሣ «ኦንዲማንድ» ላይ ነው፦ ሥራ ሲቀንስ ፍጥነቱን ያወርዳል፣ ሥራ ሲመጣ ይጨምራል። ጃክ ግን በ128 ፍሬም በየ2.7 ሚሊሰከንዱ ለአጭር ጊዜ ነቅቶ የሚተኛ ሥራ ስለሆነ ገቨርነሩ ይታለልና ፍጥነቱን ያወርደዋል። ለአራቱም ኮር «ፐርፎርማንስ» አድርገው፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥርም ይህን የሚደግም አንድ መስመር አስገባ።

አሁን ወደ ጃክ ቁጥሮች። ለዩኤስቢ ካርድ 2 ፔሬድ አትጠቀም፤ 3 አድርገው። ዩኤስቢ ድምፁን በራሱ የጊዜ ምት በጥቅል በጥቅል ነው የሚያመላልሰው፤ ምቱ ከጃክ ፔሬድ ጋር ልክ ስለማይገጣጠም ሁለት ፔሬድ ብቻ ሲኖር አንዱ ትንሽ ቢዘገይ የሚተካው የለም። ሦስተኛው ፔሬድ መጠባበቂያ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 128 ፍሬም በ3 ፔሬድ ተባዝቶ ለ48000 ሲካፈል 8 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ያንተ 256 በ2 ግን 10.7 ነው። ማለትም በ128 እና በ3 ስትሄድ መጠባበቂያም ታገኛለህ፣ መዘግየቱም ይቀንሳል።

አንድ ብዙዎች የማያዩት ነገር አለ። ጃክ 2 ሳይነገረው ሲነሣ በአሲንክሮነስ ሁኔታ ስለሚሠራ በዚህ ሒሳብ ላይ አንድ ፔሬድ ይጨምራል፤ 8 የነበረው 10.7 ይሆናል። ሲነሣ የሲንክሮነሱን አማራጭ (ማይነስ ትልቁ ኤስ) ከሰጠኸው ያን አንድ ፔሬድ ያነሣልሃል። ቅጣቱ ግን በሰዓቱ ያልጨረሰ ፕሮግራም ወዲያው ኤክስራን ማምጣቱ ነው፤ ስለዚህ የዲኤስፒ ጭነቱን ካስተካከልክ በኋላ ብቻ አድርገው። በዚያ ላይ የካርዱ ኮንቨርተሮችና የዩኤስቢ ማስተላለፊያው የራሳቸውን ጥቂት ሚሊሰከንዶች ይጨምራሉ። እውነተኛውን ቁጥር ለማወቅ የካርዱን መውጫ በአጭር ገመድ ከራሱ መግቢያ ጋር አገናኝና «ጃክ_አዮዲሌይ» የሚባለውን መሣሪያ አስኪድ። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል፤ 10 ሚሊሰከንድ ማለት ከአምፕሊፋየሩ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ እንደመጫወት ነው። ለአብዛኛው ሰው ይህ አይከብድም፤ ከ15 ሲያልፍ ግን ፈጣን ሪትም ላይ እጅ መሳት ይመጣል።

ካርድህ የድሮው ዓይነት፣ በዩኤስቢ 1.1 ፍጥነት የሚሠራ ከሆነ፣ በየ1 ሚሊሰከንዱ አንድ ጥቅል ይልካል፤ ይህም በ48000 ኸርዝ 48 ፍሬም ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ካርድ ላይ 128ን ትተህ የ48 ብዜት የሆነውን 96 ወይም 144 ሞክር፤ ብዙ ጊዜ 128 ላይ የሚንጣጣው 96 ላይ ጸጥ ይላል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልንገርህ፦

ዴስክቶፑን ተወው። ከቡክወርም እትም ጀምሮ ዴስክቶፑ ፓይፕዋየርን ይዞ ይነሣል፤ እሱና ጃክ በአንድ ካርድ ላይ ይሻማሉ። የላይት እትሙን ጫን።

ለኦዲዮ ቡድኑ የሪልታይም ቅድሚያ 95 እና ያልተገደበ የሜሞሪ ቁልፍ በሊሚትስ ፋይሉ ውስጥ ፍቀድ፣ ተጠቃሚህንም ቡድኑ ውስጥ አስገባ፤ ከዚያ ወጥተህ ግባ። ያለዚህ ጃክ ያለ ቅድሚያ ይሠራል፣ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ይቀድመዋል።

ዋይፋይና ብሉቱዝን በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ዝጋቸው። ዋይፋይ ምልክት ሲፈልግ የሚፈጥረው መቋረጥ በየተወሰነ ጊዜ ለሚመጣ መንጣጣት የታወቀ ምክንያት ነው።

የፓይውን የራሱን ድምፅና የኤችዲኤምአይ ድምፅንም ዝጋ፤ ለጃክም ካርዱን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ንገረው። ቁጥሩ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል፤ ስሙን «ኤፕሌይ ማይነስ ኤል» ያሳይሃል።

የናሙናውን ፍጥነት ከ48000 ወደ 96000 ኸርዝ አታውጣው። ለጊታር የሚጨምረው ነገር ኢምንት ነው፣ የፕሮሰሰሩን ሥራ ግን እጥፍ ያደርገዋል።


ሽቦ_በያጅ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን የድምፁ ጥራት ችግር ከጃክ ጋር አይገናኝም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱም ከካርዱ ነው የሚመጡት።

ፌዘር የሚመስለው የዳይሬክት ሞኒተር ማብሪያው ስለተከፈተ ነው። ካርዱ የጊታሩን ድምፅ በፓይው ሳያሳልፍ በቀጥታ ወደ መውጫው ይልካል፤ ከ10 ሚሊሰከንድ በኋላ ደግሞ ያው ድምፅ ከጊታሪክስ ተመልሶ ይመጣና ይደረብበታል። ሁለቱ ሲደመሩ 50፣ 150፣ 250 ኸርዝ እያለ በየ100 ኸርዙ ይጠፋፋሉ። መዘግየቱን ስትቀይር የሚጠፋፉበት ቦታም ስለሚቀየር የድምፁ ቀለም ይለዋወጣል። ማብሪያውን ዝጋ፤ ቀላቃይ ቁልፍ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተሩ በኩል አዙረው። አንዳንድ ካርድ ማብሪያ የለውም፤ ያኔ «አልሳሚክሰር» ውስጥ ገብተህ የመግቢያውን ሞኒተር ዝም አሰኘው።

ደብዛዛነቱ ከላይን መግቢያው ነው። የላይን መግቢያ ኢምፒዳንስ (ሲግናሉን የሚቋቋምበት መጠን) አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ኪሎ ኦም ባለው መካከል ነው። ፓሲቭ ፒካፕ (ባትሪ የሌለው የጊታር ድምፅ ማንሻ) ግን በሺህ የሚቆጠር ዙር ሽቦ ነው፦ ሬዚስታንሱ 7 ኪሎ ኦም ቢሆን እንኳ ኢንዳክታንሱ ወደ 2.5 ሄንሪ ይደርሳል፤ ይህ በ3000 ኸርዝ ላይ 47 ኪሎ ኦም ማለት ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ ኦም መግቢያ ላይ ስትሰካው ወፍራሙ ድምፅ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ቀጭኑ ግን ከአምስት እጅ አራቱን ያጣል። በኢኩዋላይዘር ልመልሰው ካልክ ሽሽታውንም አብረህ ታነሣለህ። መፍትሔው 1 ሜጋ ኦም መግቢያ ነው። ካርድህ ከፊት ለፊቱ የጊታር ምልክት ያለበት ወይም ኢንስትሩመንት የሚል ማብሪያ ያለው መግቢያ ካለው እሱን ተጠቀምና ነገሩ አለቀ።

ከሌለው በፈር (በጊታሩና በመግቢያው መካከል የሚገባ ትንሽ ሰርኪዩት) ሥራ። አንድ ቲኤል072 (የኦፕአምፕ ቺፕ)፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪና ጥቂት ዕቃ ይበቃል። ሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን በ9 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል በተከታታይ አስቀምጥ፤ መሃላቸው ላይ 4.5 ቮልት ታገኛለህ። ያን ነጥብ በ47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ አውርደው፣ ካልሆነ የባትሪው ቆሻሻ ድምፁ ውስጥ ይገባል። ጊታሩ በ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አልፎ ወደ ኦፕአምፑ ፖዘቲቭ መግቢያ ይገባል፤ ከዚያው እግር ወደ 4.5 ቮልቱ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ይያያዛል። ኔጌቲቭ መግቢያው ከመውጫው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ከመውጫው 100 ኦም፣ ቀጥሎ 10 ማይክሮፋራድ (ፖዘቲቭ እግሩ ወደ ኦፕአምፑ)፣ መጨረሻ ላይ ወደ ግራውንድ 100 ኪሎ ኦም። ይህ የመጨረሻው ሬዚስተር ገመድ ስትሰካ የሚሰማውን «ጧ» የሚል ድምፅ ያስቀራል። የቺፑን ሁለተኛ ግማሽ ባዶውን አትተወው፤ ሊወዛወዝና ድምፅ ሊያመጣ ይችላል። ፖዘቲቭ መግቢያውን ወደ 4.5 ቮልቱ፣ ኔጌቲቩን ወደ ራሱ መውጫ እሰረው።

ከፓይው 5 ቮልት አትመግበው። ለተለመደው ቲኤል072 ቮልቱ ያንስበታል፤ ከዚያም በላይ የፓይው 5 ቮልት የፕሮሰሰሩን ሥራ ሁሉ እንደ ፉጨት ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

ስለ ፉጨት ካነሣን፦ ፓይውና አምፕሊፋየሩ በተለያየ ሶኬት ግራውንድ ተያይዘው በድምፅ ገመዱም ሲገናኙ የግራውንድ ቀለበት ይፈጠራል። ምልክቱ ስክሪኑ ላይ መስኮት ስታንቀሳቅስ ወይም ፋይል ስትገለብጥ የሚለዋወጥ ፉጨት ነው፤ የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ ስታደርግ አይጠፋም። ገመዱን ከአምፑ ስትነቅል የሚጠፋ ከሆነ በካርዱ መውጫና በአምፑ መካከል የኦዲዮ ትራንስፎርመር አስገባ። የግራውንዱን እግር ከሶኬቱ ቆርጦ መጣል ግን ሰው ይገድላል፤ በፍጹም አይደረግም።

የሲግናሉን ደረጃም አስተካክል። በጣም ጠንክረህ ስትመታ የካርዱ መግቢያ ከዜሮ 6 ዴሲቤል በታች እንዲቆም፣ የተለመደው ጨዋታ ደግሞ 12 እና 18 መካከል እንዲሆን አድርግ። ጊታሪክስ የሚያስመስላቸው የአምፕ ቱቦዎች ምን ያህል እንደሚበጠብጡ (ዲስቶርሽን እንደሚያመጡ) የሚወስነው ይህ ደረጃ ነው፤ የሰው ፕሪሴት አውርደህ የደረቀ ወይም የተጨማለቀ ድምፅ ከሰጠህ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ ከፕሪሴቱ ሳይሆን ከዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሬ ላብቃ። ጊታሩን በአንድ ርካሽ የዩኤስቢ ገመድ አስገብቶ በሌላ ካርድ ማውጣት ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ካርዶች የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ቀስ በቀስ ይለያያሉ፣ ያን ለማስታረቅ የሚገባው ድልድይ ፕሮግራም መዘግየትም ጭነትም ይጨምራል። መግቢያና መውጫ ከአንድ ካርድ ይሁን።


ያለ_ስክሪን፦

ሳጥኑ በራሱ እንዲነሣ ሁለት የሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሣ ፕሮግራሞችን የሚያስነሣው ክፍል) አገልግሎት ጻፍ፤ አንዱ ለጃክ፣ ሌላው ለጊታሪክስ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚደናቀፍባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ።

የመጀመሪያው፦ ከላይ የተጠቀሰው የሊሚትስ ፋይል የሚሠራው ሰው ገብቶ ሲጠቀም ብቻ ነው። ሲስተምዲ የሚያስነሣው አገልግሎት ያንን ፋይል አያነበውም። ስለዚህ በእጅ ስታስነሣው ጥሩ የነበረው ጃክ በአገልግሎት ሲነሣ ይንጣጣል። በአገልግሎቱ ፋይል ውስጥ የሪልታይም ቅድሚያ ገደቡን 95፣ የሜሞሪ ቁልፉን ገደብ ደግሞ ያልተወሰነ ብለህ ለብቻው ጻፍ።

ሁለተኛው፦ ጃክ ካርዱን ከመያዙ በፊት በዲባስ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መንገድ) በኩል ማስፈቀድ ይፈልጋል። ዴስክቶፕ በሌለበት ማሽን ላይ የሚያስፈቅደው የለምና ሳይነሣ ይቀራል። ማስፈቀዱን የሚያስቀረውን የአካባቢ ተለዋዋጭ (ጃክ_ኖ_ኦዲዮ_ሪዘርቬሽን የሚባለውን) 1 አድርገህ አገልግሎቱ ውስጥ አስገባ።

ሦስተኛው፦ ጊታሪክስ ጃክ ዝግጁ ሳይሆን ከተነሣ ይወድቃል። የአምስት ሰከንድ እንቅልፍ ማስገባት ደካማ መላ ነው፤ ካርዱ ዘግይቶ በታወቀ ቀን ያስቸግርሃል። «ጃክ_ዌይት» የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ጃክ እስኪነሣ ድረስ የሚጠብቅ ነው፤ ከጊታሪክስ በፊት እሱ እንዲሠራ አድርግ።

ጊታሪክስን ያለ መስኮት በሚያስነሣው አማራጭ ጀምረው፣ የርቀት መቆጣጠሪያ ፖርቱን ለምሳሌ 7000 ስጠው። ከዚያ በላፕቶፕህ ላይ ያለውን ጊታሪክስ ወደ ፓይው አድራሻና ወደዚያ ፖርት ብታዞረው መስኮቱ ላፕቶፑ ላይ ይከፈታል፣ ድምፁ ግን ፓይው ላይ ይሠራል። የሁለቱ እትም አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ዋይፋዩን ስለምትዘጋው ለዚህ የኔትወርክ ገመድ ተጠቀም።

ለእግር መቀያየሪያው ኤቲሜጋ 32ዩ4 ያለበት ትንሽ የአርዱዊኖ ቦርድ ይሻላል፤ ራሱን እንደ ዩኤስቢ ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች ትእዛዝ የሚለዋወጡበት ቋንቋ) መሣሪያ ማስተዋወቅ ይችላልና ፓይው ላይ ምንም ድራይቨር አያስፈልግም። እያንዳንዱን ማብሪያ ከአንድ ፒንና ከግራውንድ ጋር ብቻ አያይዝ፣ የቦርዱን የውስጥ ፑልአፕ ክፈት፤ ውጪ ሬዚስተር አይፈለግም። ማብሪያውን ስትገዛ ሲለቀቅ የሚመለሰውን ዓይነት ግዛ። በተለመዱት ፔዳሎች ላይ ያለው ባለ ዘጠኝ እግሩ ማብሪያ ተጭኖ የሚቀር ስለሆነ ለዚህ አይመችም። ማብሪያው ሲነካ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚንቀጠቀጥ ኮዱ ውስጥ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ሁለተኛ ንክኪ እንዳይቀበል አድርግ፤ አለበለዚያ በአንድ ርግጫ ሁለት ፕሪሴት ይዘልልሃል። ፕሮግራም ቼንጅ የሚባለውን የሚዲ ትእዛዝ ስትልክ ጊታሪክስ በተከፈተው ባንክ ውስጥ ያለውን ፕሪሴት ይቀይራል። የሚዲ መውጫውን ከጊታሪክስ የሚዲ መግቢያ ጋር የሚያገናኘውን የጃክ ትእዛዝም ከአገልግሎቱ ኋላ ማስከተል አትርሳ።

ስለ ድንገተኛ መብራት መነቀል፦ በራስፒ ኮንፊግ ውስጥ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም የሚል አለ። ስታበራው ሜሞሪ ካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም፤ ለውጡ ሁሉ ራም ውስጥ ይቆይና መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሶኬቱን እንደፈለግህ ንቀል። ሆኖም የምታስቀምጣቸው ፕሪሴቶችም አብረው ይጠፋሉ ማለት ነው። ሁሉንም ድምፅ አስተካክለህ ጨርሰህ ብቻ አብራው፤ ወይም የጊታሪክስን የኮንፊግ ማኅደር በሌላ ትንሽ የዩኤስቢ ፍላሽ ላይ አስቀምጠው።

የከርነል (የሊነክስ ዋና ክፍል) መስመሩን ፋይል የምትነካካ ከሆነ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ መሆን አለበት። ኢንተር አንድ ጊዜ ከገባበት ማሽኑ ላይነሣ ይችላል።


ሞዴል_ጭነት፦

ጊታሪክስ ጥሩ ነው፤ ግን ለእግር ሥር ሳጥን ፓይፔዳልንም ማየት አለብህ። ለራስፕቤሪ ፓይ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ጃክን ሳያስገባ ከአልሳ (ከሊነክስ የድምፅ ድራይቨር) ጋር በቀጥታ ያወራል፣ መቆጣጠሪያው በስልክ ብራውዘር ይከፈታል፣ የኤልቪ 2 ፕለጊኖችን (በሊነክስ የተለመዱ ተጨማሪ የኢፌክት ክፍሎችን) ይቀበላል። ያለ_ስክሪን የዘረዘራቸው አብዛኞቹ የአገልግሎት ጣጣዎች እዚያ ውስጥ ተሠርተው ነው የሚመጡት። የጊታሪክስ ኢፌክቶች ራሳቸው በኤልቪ 2 መልክ ስላሉ እዚያም ልትጠቀምባቸው ትችላለህ። ፔዳሎችን በስክሪን ላይ በሽቦ እያገናኙ መሥራት ለሚወድ ደግሞ የሞድ ሆስትና የሞድ ዩአይ ኮድ ክፍት ነው።

የነርቭ ሞዴሎችን (ከእውነተኛ አምፕ ድምፅ የሠለጠኑትን) ማለትም የኒዩራል አምፕ ሞደለርን ፋይሎች ለመጠቀም ካሰብክ የፓይ 4ን አቅም አስቀድመህ አስላ። ስታንዳርድ የሚባለው ሞዴል ፓይ 4ን በጣም ያስጨንቀዋል፤ ለሪቨርብና ለካቢኔት የሚተርፍ ብዙም አይኖርም። ፌዘር (ከላይ ያለው ኢፌክት ሳይሆን «ላባ» ማለት ነው) እና ናኖ የሚባሉት ትንንሽ ሞዴሎች ግን በደንብ ይሄዳሉ፤ ልዩነታቸው በጥርት ያለ ድምፅ ላይ እምብዛም አይታወቅም፣ በከባድ ጌይን ላይ ይታወቃል። ፓይ 5 በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሄድና የኮሩ ዓይነትም አዲስ ስለሆነ ስታንዳርዱን ከነሌላው ኢፌክት ይሸከመዋል። ፓይ 5 ከገዛህ ግን ባለ 5 አምፒሩን ፓወር ሰፕላይ አብረህ ግዛ፤ ያለ እሱ የዩኤስቢ ሶኬቶቹ በጠቅላላ የሚሰጡት 600 ሚሊአምፒር ብቻ ነው፣ በዩኤስቢ ብቻ የሚበላ ሳውንድ ካርድ ደግሞ ያን በቀላሉ ሊጨርስ ይችላል። ሞዴሎቹ በብዛት በ48000 ስለሚሠለጥኑ ጃክም በዚያው ይሁን።

የካቢኔት ኢምፓልስ ፋይልንም (የስፒከር ሳጥኑን ድምፅ የሚያስመስለውን) አሳጥር። አንድ ሰከንድ የሚረዝም ፋይል ማስገባት ትርጉም የለውም፤ 2048 ናሙና፣ ማለትም 43 ሚሊሰከንድ፣ ለጊታር ካቢኔት ይበቃል። የቀረው የክፍሉ ድምፅ ነው፣ እሱን ሪቨርቡ ይሠራዋል።

በአንድ ነገር ከአንዳንዶች ጋር አልስማማም፦ የሪልታይም ከርነል መጫን የመጀመሪያ ሥራ ተደርጎ ይመከራል። የሪልታይም ኮዱ ከሊነክስ 6.12 (2024) ጀምሮ በዋናው ከርነል ውስጥ ስላለ እንደ ድሮው ፓች መለጠፍ ቀርቷል፤ ነገር ግን በ128 ፍሬም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አንድ ኮርን ለድምፅ ብቻ ለይቶ ማስቀመጡም እንዲሁ፤ በትክክል ካልተደረገ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።


ዜሮ_ኤክስራን፦

በ128 እስማማለሁ፤ የተለመደው ከርነል ይበቃል። 64 ፍሬም ላይ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንድ ፔሬድ 1.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሚሆን ከርነሉ ለሌላ ሥራ ግማሽ ሚሊሰከንድ ቢያዘገየው ለኢፌክቱ የሚተርፈው ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ 128 ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ አንድ ኤክስራን ከሄደ በኋላ መዘግየቱ አሁንም ካልተመቸህ ብቻ ወደ ሪልታይም ከርነልና ወደ 64 ውረድ።


ባለስድስት_ክር፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ጌት_ትሮትልድ 0ኤክስ50000 ነበር ያለው፤ ፓወር ሰፕላዩን ቀይሬ አሁን 0ኤክስ0 ነው። ላይት እትሙ፣ ፐርፎርማንስ፣ 128 በ3 ከሲንክሮነስ ጋር፤ ዳይሬክት ሞኒተሩ ተዘግቷል፣ ጊታሩም ወደ ኢንስትሩመንት መግቢያው ሄዷል። የዲኤስፒ ጭነቱ 45 በመቶ አካባቢ ነው፣ ስጫወት ምንም አይንጣጣም።

የቀረው አንድ ነው፦ ፕሪሴት በቀየርኩ ቁጥር ድምፁ ለቅጽበት ተቋርጦ አንድ ኤክስራን ይመዘገባል። የዲሌዩ ጭራም ይቆረጣል። ይህ መፍትሔ አለው?


ያለ_ስክሪን፦

ፕሪሴት ሲቀየር ጊታሪክስ የኢፌክቶቹን ሰንሰለት አፍርሶ እንደገና ይሠራል፣ ካቢኔቱ ከተለየ አዲሱን ኢምፓልስ ከሜሞሪ ካርዱ ያነባል። መቋረጡ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ፔሬድ በመጨመር አይጠፋም።

በአንድ ዘፈን ውስጥ ለሚቀያየሩ ድምፆች ፕሪሴት አትቀይር። የሚያስፈልጉህን ኢፌክቶች በሙሉ አንድ ፕሪሴት ውስጥ አስቀምጥና እያንዳንዱን ማብሪያ በሚዲ ኮንትሮል ቼንጅ አብራ አጥፋ። ለዚህ በላፕቶፑ መስኮት ላይ የኢፌክቱን ማብሪያ በማውሱ መሃለኛ ቁልፍ ተጫነው፤ የሚዲ ማስተማሪያው ይከፈታል፣ ከዚያ የእግር ማብሪያውን ርገጥ፣ ተያያዘ ማለት ነው። ዲስቶርሽኑ ሲጠፋ ዲሌዩ እንደበራ ስለሚቆይ ጭራው አይቆረጥም።

የሶሎን ድምፅ ከፍ ለማድረግም ሌላ ፕሪሴት አያስፈልግም፤ ከሰንሰለቱ መጨረሻ አንድ የቮልዩም ክፍል አስገብተህ 4 ወይም 5 ዴሲቤል የሚጨምር ማብሪያ ስጠው። ከዲስቶርሽኑ በፊት ብታስገባው ድምፁ አይጎላም፣ የበለጠ ይበጠብጣል እንጂ። ፕሪሴት መቀየርን በዘፈንና በዘፈን መካከል ላለው ጊዜ አስቀረው፤ በሁሉም ፕሪሴቶች ላይ አንድ ዓይነት ካቢኔት ከተጠቀምክ ደግሞ መቋረጡ ያጥራል።

ሁሉም ነገር ከሚዲ ጋር ከተያያዘ በኋላ ብቻ ኦቨርሌዩን አብራ፤ የማያያዣ ሰንጠረዡም የሚቀመጠው በዚያው የኮንፊግ ማኅደር ውስጥ ነው።